በሊዝበንና በማድሪድ መካከል ስለጠፋችው አንዲት ሰዓት

ለተከበረው የቅጥር ፈተና ኮሚቴ
ወልድያ

ክቡራን የኮሚቴው አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእናንተ ጤና፣ ለወንበራችሁ ምቾት፣ ለማኅተማችሁም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። እኔ ፅዮን ፈቃዱ የምባል የመርሳ ልጅ፣ ዘንድሮ በጂኦግራፊ ተመርቄ ለመርሳ መናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛነት የተፈተንሁና በአንድ ነጥብ ተበልጬ የቀረሁ አመልካች ነኝ። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ያልጠቀስሁት ለክብራችሁ ስል ነው፤ ምስጋናዬ ግን በተራ ቁጥር እነሆ።

1. ሚኒባስ ወደ ሲሪንቃ፣ ወደ ግራናና ወደ ወልድያ የሚያሰማራ ሰው ለመቅጠር ብላችሁ ስለ ሊዝበንና ማድሪድ በረራ በመጠየቃችሁ አድማሴን አስፍታችሁልኛል። የሁለቱ ከተሞች የአየር ርቀት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ ይህም ከወልድያ አዲስ አበባ በመኪና ከሚኬደው ብዙ እንደማይለይ ብነግራቸው፣ የመስመራችን ሹፌር ጋሽ ካሳዬ አውሮፕላኑ ሲሪንቃ ላይ ቆሞ ሰው ይጭን እንደሆነ አጥብቀው ጠይቀውኛል።

2. ጥያቄያችሁ፣ አውሮፕላኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7፡00 ከሊዝበን ተነስቶ አንድ ሰዓት ከሃያ ቢበር በማድሪድ ሰዓት ስንት ላይ ይደርሳል የሚል ነበር። የማድሪድ ሰዓት ከሊዝበን በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም 9፡20 ብዬ መለስሁ። የመልስ ቁልፋችሁ 8፡20 ይላል። ያቺ አንድ ሰዓት የት እንደገባች ለመጠየቅ በቅሬታ ስቀርብ፣ የተከበሩት ሰብሳቢ "ልጄ፣ ከመርሳ ወልድያ ስትመጪ ሰዓትሽን ታስተካክያለሽ?" አሉኝ፤ አባላቱም ሳቁ። ሳላስተካክል መምጣቴ በእርግጥ ጥፋቴ ነው፤ ለሦስት ሰዓት ቀጥራችሁኝ በሦስት ሰዓት ስደርስ፣ የእናንተ ሦስት ሰዓት እስኪደርስ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበርና።

3. ቅሬታዬን መርምራችሁ "ተቀባይነት የለውም" ለማለት ከዚያ በረራ ያነሰ ጊዜ ስለፈጀባችሁ ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ። ካርታ መክፈት ቢጨመርበት ኖሮ መዘግየታችሁ አይቀርም ነበር።

እናቴ ወይዘሮ አልታየች፣ "ተይ አንቺ ልጅ፣ ሌላ ማስታወቂያ ይወጣል" ትለኛለች። ማስታወቂያውስ ይወጣል፤ እኔ ግን አልተውም። መንገደኛው ሚኒባስ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚውልበትን መናኸሪያ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የመነሻ ሰዓቱንም ሠሌዳ በየመስመሩ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ነጥቧ አንድ ብትሆንም የእኔ ናት። ስለዚህ ይግባኜን ለበላይ አካል አስገብቻለሁ፤ ሰኞ ይታያል። እዚያም "አይሆንም" ቢሉኝ ከእነሱ በላይ ወዳለው እሄዳለሁ፤ ደረጃ መውጣት አይደክመኝም።

ከማይቀዘቅዝ አክብሮትና ከማይሰለች አቤቱታ ጋር፣
በእናንተ ቁልፍ ተሳሳተች የተባለችው፣
ፅዮን ፈቃዱ
ከመርሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአንድ ነጥብ በልጣኝ ቦታውን ያገኘችው ሀስና ዓሪፍ ትናንት እቤት ድረስ መጥታ ነበር። 8፡20 ብላ መመለሷንና መልሱ ስህተት መሆኑን በእጇ ጽፋ ይግባኜ ላይ ፈርማለች። ሥራውን ልታጣ እንደምትችል ብነግራት፣ "የሰው ነጥብ በልቼ አላድርም፣ ሐራም ነው" አለችኝ። እንግዲህ የበለጠችውም የተበለጠችውም ተስማምተናል፤ ያልተስማማው የመልስ ቁልፋችሁ ብቻ ነው።