ፊርማቸውን የሰረዙት የሞተር ነዳፊ፦ ኢንጂነር ወልደየሱስ ጸሐዬ (1949–2017 ዓ.ም.)

ኢንጂነር ወልደየሱስ ከባቡር ጥገና ሠራተኛው ከአቶ ጸሐዬ ኢያሱና ከወይዘሮ ፀዳል ገብረማርያም በ1949 ዓ.ም. ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሁለት በተባለው ሰፈር ተወለዱ። በተማሪነታቸው የመምህራቸውን ሞተር ብስክሌት ፈታተው ሲገጥሙ ሁለት ብሎን አስተርፈዋል፤ ሞተሩ ግን ሠርቷል።

በ1968 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ሄደው ምሕንድስና ተማሩ፤ በአንድ የመኪና ፋብሪካም የናፍጣ ሞተር ነዳፊ ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ አሰገደች ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ፅዮናዊትንና ይህን የምጽፈውን ኢዛናን ወለዱ።

በ1996 ዓ.ም. ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር ሥራን እንዲመሩ ተሾሙ። ቱርቦ ጉልበት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራልና፣ ሞተሩ በሐምሌ 1999 በጅቡቲ ሐሩር እንዲፈተን ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የፈተናውንም መመሪያ ጻፉ፤ ከዳገት መልስ መኪናው ከቆመ ሞተሩ ይጥፋ ይላል።

የፈተናው ሹፌር አቶ ጀላሉዲን ከከተማው ውጭ ካለው የአርታ ዳገት ተመልሰው፣ ጫት ከተማ በሚገባበት የቀትር ሰዓት ሊገዙ ካርቲየ ሰባት ቆሙ። የመኪናው የውስጥ አየር ማቀዝቀዣ እንዳይጠፋባቸው ሞተሩን ግማሽ ሰዓት አላጠፉም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የውኃ ፓምፑም ደከመ፤ ከፓምፑ የሚርቀው ስድስተኛው ሲሊንደር ውኃ አጥሮት ቴስታው፣ ማለትም የላይ ክዳኑ፣ ተሰነጠቀ። ኮፈኑን ሲከፍቱ የፈላው ውኃ ሁለት እጃቸውን አቃጠላቸው።

ፋብሪካው ጥፋቱን በሹፌሩ ላይ ጥሎ ምርቱ በመስከረም እንዲጀመር ወሰነ። አባታችንም ይህንኑ በሚለው ሪፖርት ላይ ፈረሙ፤ ይህን አንደብቅም። ሊጠይቋቸው ሆስፒታል ሲሄዱ ግን አቶ ጀላሉዲን፣ «ወልዴ፣ አንተ የካርቲየ ሁለት ልጅ አይደለህ? ወላሂ፣ በሐምሌ ሞተር የሚያጠፋ ማን አይተሃል?» አሏቸው።

ሪፖርቱ ሊጸድቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ለትምህርት ዕረፍት አብረናቸው መጥተን ነበርና፣ ፊርማቸውን ሊያነሱ ማሰባቸውን ሲነግሩን ሦስቱንም ቀን ቤቱ ሰላም አጣ። ፈረንሳይ የምንኖርበት ቤት የፋብሪካው ነው፤ ፅዮናዊት የሕክምና ትምህርት ልትጀምር ነው። እናታችን አልቅሰው ለመኑ። እኔም በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ «አባዬ፣ ለአንድ ሹፌር ብለህ እኛን ሜዳ ላይ ትጥለናለህ?» ብዬ ጮህኩባቸው። በሦስተኛው ቀን «መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያደግኩበትን ከተማ ልማድ ረስቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ጽፈው ፊርማቸውን ሰረዙ። በሳምንቱ ከሥራ ተሰናበቱ።

ሞተሩ የወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ወደ ስድስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው የውኃ መንገድ እሳቸው ነድፈው በተዉት መሠረት ሰፍቶ። በነዳፊዎቹ ዝርዝር ስማቸው የለም። ጅቡቲ ተመልሰው ከአቶ ጀላሉዲን ጋር ጋራዥ ከፈቱ፤ ፅዮናዊትም ዘግይታ ቢሆንም ሐኪም ሆነች።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። እውነትን ከእንጀራቸው ያስቀደመችውን ነፍሳቸውን አምላክ በብርሃኑ ማረፊያ ይቀበልልን።

ያን ቀን ስለተናገርኩት፣ አባቴ በሕይወት ሳሉ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም። ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት፣ አቶ ጀላሉዲን እየሰሙኝ እጠይቃለሁ፤ አባዬ፣ ይቅር በለኝ።