የሰኞዋ ጉባኤ

ውድ አባቴ ሆይ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ፣ ከተመረቅሁ በኋላ ወዲያው ወደ ቤት እንደማልመለስና እዚህ ሁለት ዓመት ለመቆየት እንደ ወሰንሁ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔው እጅ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ጉዳዩን ከሰላምታ ማስቀደሜን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ሰላምታውን ከፊት ደርድሬ ነገሩን ከኋላ ብሸሽገው፣ እርስዎ መስመሩን ዘለው መጨረሻውን እንደሚያነቡ አውቃለሁ። በስልክ እንዳልነግርዎ ደግሞ እማዬ ድምፄን ስትሰማ ታለቅሳለች፤ እሷ ስታለቅስ እኔ ያሰብሁትን ሁሉ ውጬ ስለ አየሩ ማውራት እጀምራለሁ።

አሁን የናፍቆት ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ መሰላል መውጣት ፈቀደልዎ ወይስ አሁንም ከታች ቆመው ግንበኞቹን «ጠመመ፣ አቅኑት» እያሉ ያስጨንቋቸዋል? እማዬስ ዓይኗን ታየች? ታናሽ እኅቴስ ፈተናውን እንዴት ተወጣችው? አክስቴስ ከጎረቤቷ ጋር ታረቀች ወይስ በአጥር ላይ መተያየቱ ቀጠለ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር አንዳች የጎደለብኝ የለም።

ኮሌጃችን ጥቂት ተማሪዎችን መድቦ፣ በከተማው ዳር ባለ ሰፈር አዲስ ጉባኤ እንድንተክል እንደ ላከን ባለፈው ጽፌልዎ ነበር። የምንሰበሰብበት ክፍል ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ ጀርባ ነው። ወንበሮቹን የሚያውሰን ባለ ሱቁ ነው፤ ነገር ግን ገና ያልተሸጡ ስለ ሆኑ ላስቲካቸውን እንዳናነሳ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ በጸሎት ሰዓት አንድ ሰው ቢነቃነቅ ክፍሉ በሙሉ ይንኮሻኮሻል። እኔ እንደሚያውቁኝ ማንኛውንም ነገር ከመጽሐፍ ካልጀመርሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ተከላ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ የሰፈሩን ካርታ ሳልሁ፤ መንገዱን፣ ትምህርት ቤቱን፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን አንድም ሳላስቀር። ከክፍላችን በስተኋላ ያለውን ግን አንድ ወፍራም መስመር አስምሬ አለፍሁት፤ ግድግዳ ነዋ።

እሑድ እሑድ ጠዋት ተሰብስበን «ጌታ ሆይ፣ የዚህን ሰፈር ሰዎች አምጣልን» እያልን ጮኸን እንጸልይ ነበር። ወራት አለፉ፤ የሚመጣ ጠፋ። መዝሙሩን የምንዘምረው እኛ፣ ስብከቱን የምንሰብከው እኛ፣ «አሜን» የምንለውም ያው እኛው ነበርን። አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ራሳችንን ስንት ጊዜ ነው የምናድነው?» እያለች ታሾፍብን ነበር።

አንድ እሑድ በመዝሙሩ መካከል መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ዝም አለ። ከግድግዳው ማዶ ዘወትር ሲያጓራ የምንሰማው፣ የወፍጮ ቤት ነው ብለን የለመድነው ድምፅም አብሮ ዝም አለ። እኛም ግራ ገብቶን አፋችንን ዘጋን። መዝሙሩ ግን አልቆመም፤ ከግድግዳው ወዲያ የሴቶች ድምፅ አዝማቹን ተቀብሎ ቀጠለ፣ ያውም ከእኛ ባማረ ዜማ።

ዞረን በኋላ በር ብንገባ የልብስ ማጠቢያ ቤት ሆኖ አገኘነው፤ የሆቴሎች አንሶላ የሚታጠብበትና የሚተኮስበት ነው። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ጀርባ ያለችው፣ ባልደረቦቿ በቁጣዋ ፍጥነት «እንፋሎት» የሚሏት ሴት፣ «እሰይ፣ መጡልን! ለመሆኑ ከመሃላችሁ እንደ ፍየል የሚጮኸው የትኛው ነው?» ብላ ተቀበለችን። ሁላችንም ሳናስበው ወደ አንደኛው ጓደኛችን ዞርን፤ እሱም ምስኪን አልካደም። ከሳቁ በኋላ እንደ ነገረችን፣ የሆቴል እንግዳ በብዛት የሚለቀው እሑድ ስለ ሆነ ሥራቸው የሚከብደው በዚያው ቀን ነው፤ የሚያርፉት ሰኞ ነው። መዝሙራችን በማሽኑ ጩኸት መሃል ሾልኮ ይደርሳቸዋል፤ «ስብከታችሁን ግን ማሽኑ እየበላው እኛ ጦማችንን ነን» አለችን።

አባቴ፣ ያን ቀን ብዙ አሰብሁ። ጸሎታችን ሐሰት አልነበረም፤ የተጸለየላቸው ሰዎችም ሩቅ አልነበሩም። የሚለየን አንድ ረድፍ ብሎኬት ነበር። እኛ ግን ሰዎቹ ወደ እኛ ሰዓት እንዲመጡ እንለምን ነበር እንጂ፣ የእነሱ ሰዓት መቼ እንደ ሆነ አንድም ቀን አልጠየቅንም። እምነት ማለት መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ተነሥቶ በሩን ዞሮ ማንኳኳትም እንደ ሆነ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ጽፌ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበትን ነገር ያኔ ገና አመንሁት።

ጉባኤው ሰኞ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረብሁት እኔ ነኝ። የተልእኮ መምህራችን አልተዋጠላቸውም፤ «የጌታን ቀን በልብስ አጠባ ልትለውጡት ነው?» አሉኝ። በትሕትና፣ ነገር ግን ሳላመነታ፣ እሑድን በኮሌጁ ጸሎት ቤት እንደምናከብር፣ ሰኞን ደግሞ ሌላ ዕረፍት ለሌላቸው እንደምንሰጥ አስረዳኋቸው። እሳቸውም «ሰኞ ሰው ከመጣ ጺሜን እላጫለሁ» ብለው ፈቀዱ። ሰው መጣ። መምህራችንም መጥተው ከኋላ ተቀመጡ፤ ጺማቸው ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ። ሴቶቹ ከአገልግሎት የወጡ አንሶላዎች አምጥተው ወንበሮቹን ስላለበሱልን፣ ኮሽታውም ቀረ፣ ባለ ሱቁም ደስ አለው። አሁን ባሎቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ ይመጣሉ።

ወደ ውሳኔዬ ያደረሰኝ ግን ይህ ነው። በኮሌጃችን ልማድ ተማሪ ሲመረቅ ይሄዳል፤ በቦታው ሌላ ይመደባል። ይህንን ባለፈው ሰኞ ለጉባኤው ስንነግር፣ እንፋሎት ተነሥታ፣ «እናንተ የኮሌጅ ልጆች እንደ ሆቴል አንሶላ ናችሁ፤ ሙቀታችሁን ሳንለምደው ትገፈፋላችሁ» አለች። ሰዉ ሳቀ፤ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሁለት ሴቶች ለመጠመቅ እየተማሩ ነው፤ አንዷ የባሏን ቁጣ ተቋቁማ ነው የምትመጣው። ይህችን ሴት ትምህርቷን ሳልጨርስላት «አዲሷ እኅት ትቀጥልልሻለች» ማለት አይሆንልኝም።

እርስዎ ስመለስ የወጣቶች አስተማሪ እንደምሆን ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቃል እንደ ሰጡ አልዘነጋሁም። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት እንደሚወዱም አውቃለሁ፤ በዚህ ጉዳይ የወለዷት እኔ ነኝና እንዲራሩልኝ እለምናለሁ። ቃልዎ እንዲታጠፍ አልጠይቅም፤ በሁለት ዓመት እንዲዘገይ እንጂ። እስከዚያው የአጎቴ ልጅ ሥራውን በሚገባ ይይዘዋል፤ ከእኔ ይልቅ ወጣቶቹ እሱን ይሰሙታል፣ እኔን ግን ይፈሩኛል። ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁዎ «ኮሌጁ አስቀራት» ብለው አያሳምሩልኝ። ያስቀረኝ የለም፤ የወሰንሁት እኔ ነኝ። ስለ ኑሮዬም አይስጉ፤ በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት የግማሽ ቀን ሥራ ተሰጥቶኛል፤ ከዚያችው ተረበኛ ጓደኛዬ ጋርም ለማጠቢያ ቤቱ ቅርብ የሆነ፣ ፀሐይ የሚገባው ክፍል አግኝተናል። አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ፤ ፍርሃቴ ግን ልሂድ ወይስ ልቅር የሚያሰኝ አይደለም።

እማዬን ሁለቱን ጉንጮቿን ስመው፣ ደብዳቤውን ከምሳ በፊት ሳይሆን በኋላ ያንብቡላት፤ ካልሆነ አትበላም። ታናሽ እኅቴን «መጻሕፍቴን ተበደሪ፣ የገጹን ጆሮ ግን እንዳታጥፊ» ይበሉልኝ፤ ያነበበችበትን ለማስታወስ የምታጥፈውን ጥግ ማለቴ ነው። አክስቴን ከነጎረቤቷ፣ የአጎቴን ልጅ ከነመላ ቤተሰቡ ሰላም ይበሉልኝ።

የምለምንዎ ይህን ነው። ሽማግሌዎቹ በሰኔ መጀመሪያ ሲሰበሰቡ ጉዳዩን እርስዎ ራስዎ ያቅርቡልኝ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ዓመት እዚህ እንዳገለግል መሸኘቷን የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት የመሸኛ ደብዳቤም ይላኩልኝ። ያለ እሱ ኮሌጁ በዚህ ሊመድበኝ አይችልም፤ የምደባው ቀን ሰኔ 16 ነውና ሰኔ 15 ቀን በእጄ መግባት አለበት።

አክባሪ ልጅዎ

ከነገረ መለኮት ኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ
ግንቦት 19 ቀን