“ያልገባኝ እኔ ነበርኩ” ላሉት መምህርት፦ በወ/ሮ ጸዳለ ክንፉ ዕረፍት የተሰማን ሀዘን

የኩልፎ ዳር የጎልማሶች ትምህርት ማኅበር፣ ላለፉት አሥራ ሦስት ዓመታት በአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር በሚገኘው ክፍሉ ያስተማሩት፣ ያማከሩትና ሲያስፈልግም የተቆጡት መምህርት ጸዳለ ክንፉ በሕመም ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለተማሪዎቹና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሀዘን ነው። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ዓርብ ወዳጅ ዘመዶቻቸው በተገኙበት ተፈጽሟል።

ሀዘናችን እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ምስጋናም አለበት። መምህርት ጸዳለ የዘሩት አፍርቶ አይተዋል፤ ከፍሬውም ቀምሰዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሸኝ እንባና ፈገግታ አብረው ቢመጡ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

መምህርት ጸዳለ ከአባታቸው ከመሪጌታ ክንፉ መኮንንና ከእናታቸው ከወ/ሮ አገኘሽ ቢያድግልኝ በ1945 ዓ.ም. በጎጃም ደብረ ወርቅ ተወለዱ። በ1971 ዓ.ም. በመምህርነት ተመድበው ወደ አርባ ምንጭ መጡ። ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ብለው የመጡ ቢሆንም፣ ከግብርና ባለሙያው ከአቶ ብርሃነመስቀል ጋር ትዳር መሥርተው፣ ልጃቸውን ወ/ሮ ሚሪያምን ወልደውና አሳድገው፣ ባለቤታቸውንም እዚሁ ቀብረው አርባ ሰባት ዓመት ኖረዋል። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው አልወደዱትም፤ ከተማውን ግን ማንም እንዲነካባቸው አይፈቅዱም ነበር።

በ2005 ዓ.ም. በጡረታ በተገለሉ በሦስተኛው ወር ማኅበራችንን ተቀላቀሉ። የተመደቡበት “የአሥር ሰዓት ክፍል” የሚባለው ነበር። ከአራተኛ ወይም ከስድስተኛ ክፍል ትምህርት አቋርጠው በጎልማሳነታቸው የተመለሱ አርባ አንድ ሰዎች ከሥራ መልስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ይማሩበታል። ከጨንቻ ወርደው በከተማው የሚኖሩ ሸማኔዎች፣ የጫኖ አትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች፣ በኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚነግዱ እናቶች፣ ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች ነበሩ። ሁሉም የስምንተኛ ክፍል ፈተና ለመውሰድ ይዘጋጁ ነበር።

በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያው መንፈቅ ሲያልቅ መምህርት ጸዳለ ለማኅበሩ ያቀረቡት ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ “ተማሪዎቹ ትጉሃን ናቸው። ነገር ግን ሲጠየቁ አይመልሱም። ትምህርቱ አይገባቸውም።” የማኅበሩ ሥራ አመራር ሪፖርቱን ያለ አንድ ጥያቄ አጽድቆ፣ ማኅተም አሳርፎበት ክፍሉን ላዋሰን የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ላከው። የመምህርቷን ስህተት ጽፈን የራሳችንን ብንዘል እሳቸውም አይወዱትም ነበርና፣ ማኅተሙ የእኛ እንደነበር በዚህ አጋጣሚ እናምናለን። ብዙም ሳይቆይ፣ ተማሪዎቹ በክፍል ትምህርት የማይጠቀሙ ከሆነ ቤቱ ከዓመቱ መጨረሻ ጀምሮ ለሌላ ሥራ እንዲውል መወሰኑ ተገለጸልን። ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ራሳችን የጻፍነው ወረቀት ነበር። አርባ አንድ ሰዎች በስንት ትግል የተመለሱበት ትምህርት በገዛ እጃችን ሊዘጋባቸው ሆነ።

መምህርት ጸዳለ ውሳኔውን ለክፍሉ የነገሩት ራሳቸው ናቸው። አስተያየት ያለው እንዲናገር ጠየቁ፤ ማንም አልተናገረም። ጠመኔያቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ከኋላ ወንበር የጨንቻው ሸማኔ አቶ ኦይታ ተነሡ። የክፍሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር።

“ቲቸር፣ እኛ ገና እየሰማን ነበር። እርስዎ ቶሎ ያልፋሉ” አሉ።

ለማያውቅ ለማስረዳት ያህል፣ የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን በሚመክርበት አደባባይ፣ በዱቡሻ፣ ንግግር የሚመጣው ከመስማት በኋላ ነው። ታናሽ ታላቁን አይቀድምም፤ የተነሣውንም ሰው የሚያቋርጥ የለም። ተማሪዎቹ ይህን ሥርዓት ይዘው ነበር ወደ ክፍል የገቡት። መምህርት ጸዳለ ደግሞ በመሪጌታ ቤት ያደጉ ናቸው። እዚያ ቤት የተጠየቀ ልጅ የጥያቄው ድምፅ ሳይበርድ መመለስ ነበረበት፤ ፈጥኖ መመለስ የጉብዝና ምልክት ነው። ስለዚህ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ እስከ አምስት ለመቁጠር የሚበቃ ጊዜ ይታገሣሉ፣ ከዚያ መልሱን ራሳቸው ይናገራሉ። ተማሪዎቹም ትልቁን ሰው ይጠብቃሉ፤ ትልቁ ሰው ደግሞ ሰምተው አልጨረሱም። እንዲህ እየተላለፉ አንድ መንፈቅ ሙሉ ተማማሩ።

ግንቦት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ለማኅበሩና ለጽሕፈት ቤቱ የጻፉት በመዝገብ ቤታችን ካሉት ደብዳቤዎች ሁሉ አጭሩ ነው፦ “ባለፈው ሪፖርቴ ‘ትምህርቱ አይገባቸውም’ ያልኩት ይሰረዝልኝ። ያልገባኝ እኔ ነበርኩ። መጥታችሁ እዩ።”

በሰኔ ወር ሁለት ባለሙያዎች መጡ። ከተማራችሁት አንድ ነገር አስረዱን ብለው ክፍሉን ጠየቁ። ክፍሉ ዝም አለ። ከባለሙያዎቹ አንዱ ብዕሩን ሲያወጣ መምህርት ጸዳለ በትሕትና፣ ግን እምቢ በማያሰኝ ድምፅ፣ ለጊዜው ወደ ኪሱ እንዲመልሰው ጠየቁት። ጠበቀ። አቶ ኦይታ ተነሥተው ክፍልፋይን አስረዱ፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ያሉት ተነሡ፤ ከዚያማ ማን ይቀራል። ለግማሽ ሰዓት የመጡት ባለሙያዎች የወጡት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ አርባ አንዱም ተራቸውን ሳይጨርሱ መነሣት ነውር መሆኑን በዚያው ተምረዋል። ውሳኔው ተነሣ፣ ክፍሉም ቀጠለ።

በ2007 ዓ.ም. መምህርት ጸዳለ ሁለተኛ ስህተት ሠሩ። ይህን እንድንጽፍ ደጋግመው ያሳሰቡን ራሳቸው ስለነበሩ አንደብቀውም። በየተራ መናገርን አንዴ ካገኙት በኋላ በጣም ወደዱትና ለሁሉም ሕግ አደረጉት። በኩልፎ ዳር ሙዝ የሚነግዱት ወ/ሮ አበቡ ግን ተራቸው እስኪደርስ ያወቁትም ይጠፋባቸው ነበር። እሳቸው የሚገባቸው እጃቸው ሥራ ሲይዝና ሰው ሲከራከራቸው እንደሆነ ሳይሸሽጉ ተናገሩ። መምህርት ጸዳለ አንድ ቀን አኩርፈው ዋሉ። በማግስቱ ግን ወ/ሮ አበቡን ከአንዲት ተከራካሪ ጓደኛቸው ጋር በሩ አጠገብ አስቀመጡ፤ ሙዝ እያነሡ እያስቀመጡ መቶኛን ተከራከሩበት። በዚያ ሳምንት የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ሁለቱ ነበሩ።

ዛሬ ከማኅበሩ አልፎ በሌሎችም ክፍሎች የሚሠራበት “እኔ የሚገባኝ እንዲህ ሲሆን ነው” የተባለው አንድ ገጽ ቅጽ የተወለደው ከዚህ ነው። አዲስ ተማሪ አስቀድሞ ሙያውን፣ ማለትም ሽመናውን፣ እርሻውን፣ ንግዱን፣ ከማንና እንዴት እንደለመደ ይናገራል። ከዚያ ለአንድ ወር ያህል አንዱን ትምህርት በመስማት፣ አንዱን ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ በማየት፣ አንዱን ለጓደኛ በማስረዳት ይሞክረዋል። በየመጨረሻው አጭር ፈተና አለ። መምህርት ጸዳለ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ያከብሩ ነበር፤ ሳይፈትኑ ግን አይቀበሉትም። ቅጹ በእርሳስ የሚሞላውም ለዚህ ነው።

አቶ ኦይታ መጀመሪያ የጻፉት “ሰምቼ” ብለው ነበር። ፈተናው ግን ሌላ አለ። ከሸማኔው አባታቸው አጠገብ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ካዩ በኋላ ነበር መወርወሪያ የጨበጡት፤ የሒሳብ ጥያቄም ከመነሻው እስከ መድረሻው ተሠርቶ ካላዩት አይሆንላቸውም። መስማት ለሰው የሚሰጡት ክብር ነው፤ የሚማሩት ግን በዓይናቸው ነው። ሳቁና ሰረዙት። በ2008 ዓ.ም. ከሠላሳ ሦስት የክፍል ጓደኞቻቸው ጋር የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አለፉ።

በ2011 ዓ.ም. ከጫኖ፣ ከጨንቻና ከአርባ ምንጭ ለተውጣጡ አሥራ ስምንት የጎልማሶች መምህራን ሥልጠና ሰጥተዋል። የመጀመሪያው ቀን ሥልጠና በሙሉ ጥያቄ ጠይቆ ዝም ብሎ መጠበቅ ነበር። ከሠልጣኞቹ ግማሾቹ ይህ በጣም ከባድ እንደሆነባቸው በአስተያየት መስጫው ጽፈዋል።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ክፍሉ ሲዘጋ ተማሪዎቻቸውን በስልክ ረድተዋል። የስልኩን ትምህርት አልወደዱትም፤ ዝምታው የማሰብ ይሁን የኔትወርክ መቆራረጥ ለመለየት ተቸግረው ነበር። ቢሆንም ከተማሪዎቹ አንድም አላቋረጠም።

መምህርት ጸዳለ እንከን አልነበራቸውም ብንል ተማሪዎቻቸው ይስቁብናል። የዘገየ ተማሪ አይወዱም፤ ስብሰባ ያንገሸግሻቸዋል፤ የጋሞኛ አነጋገራቸው ከአርባ ዓመት በኋላም ተማሪዎቹን ያዝናና ነበር። እሳቸውም እያወቁ ያወሩት ነበር፤ ጎልማሳ ሲሳሳት ምን እንደሚሰማው መምህሩም እንዳይረሳው ይጠቅማል ይሉ ነበር።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በደም ግፊት ሳቢያ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ጠያቂ ብዙ ነበር። ከጠያቂዎቹም አንዳንዶቹ በቅን ልብ፣ “አሁን እንኳ አይገባቸውም” እያሉ ከራስጌያቸው ያወሩ ነበር። በኅዳር ወር ወ/ሮ አበቡ መጡ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀው ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የጻፉትን ማመልከቻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው፤ ወረቀቱን የመምህርቷ ጉልበት ላይ አኖሩና ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል አለፈ። መምህርት ጸዳለ ግራ እጃቸውን በዝግታ አንሥተው ጣታቸውን ሦስተኛው መስመር ላይ አደረጉ። አንድ ፊደል ተገድፎ ነበር። ማመልከቻው ታርሞ ገባ፤ ወ/ሮ አበቡም ተቀባይነት አግኝተው ከኮሌጁ ጎን ለጎን የአሥር ሰዓቱን ክፍል በረዳት መምህርነት ይዘዋል።

ማኅበራችን ለልጃቸው ለወ/ሮ ሚሪያም፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ ለዕድሮቻቸውና ለቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ወ/ሮ ሚሪያም ስድስት ወር ሙሉ ከእናታቸው አልጋ ሳይለዩ ላደረጉት እንክብካቤ እጅ እንነሣለን። እግዚአብሔር የእናታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን።

ከደብረ ወርቅ ድረስ ለለቅሶው ለመጣችሁ ዘመዶች በተለይ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ቀናት ከጨንቻ፣ ከጫኖና ከኩልፎ ዳር የሚመጡ ተማሪዎቻቸው ድንኳኑ ውስጥ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይናገሩ ሊቆዩ ይችላሉ። የሚሉት አጥተው አይደለም። እባካችሁ ትንሽ ጠብቁን።

የኩልፎ ዳር የጎልማሶች ትምህርት ማኅበር
አርባ ምንጭ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.