ለሻለቃ የሚስማማ ሳሙና

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም ከሥራ ገባሁ፣ እራት ተበላ፣ ሳህኖቹን አዲሱ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ደረደርኩ፣ በሩን ገፋሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ... ከዚያ ቁጭ። እራት ተበልቶ ቁጭ ማለት ምን እንደሚመስል ረስቼው ኖሯል!

ባሌ "አሁን ምን ልትሠሪ ነው?" አለኝ።

"ምንም።"

ደስ ስትል ይቺ ቃል።

የአውራ ጣቴ ስንጥቅ ገጥሟል። የሌባ ጣቴ ብቻ ቀረ። የቆዳ ሐኪሟ እውነቷን ነበር። "እጅሽ ከሳሙና ውሃ ካልወጣ ቅባቱ ብቻውን ምንም አያደርግልሽም" ስትለኝ ሰበብ የምትፈልግ መስሎኝ ነበር። የሙሽራ ልብስ ሰፊ ሆኖ ጣቱ የተሰነጠቀ ሰው ምን ዋጋ አለው? ስንጥቁ የሐሩን ክር ይይዛል። ጠርር ትላለች ክሯ ስትሳብ... ያቺን ድምፅ ስሰማ መርፌዬን አስቀምጣለሁ። አምና አለቃዬ ሐሩን ከእጄ ነጥቃ መጋረጃ ላይ አስቀመጠችኝ። እኔን! መጋረጃ!

አሁን ግን በመጋቢት የምታገባ ሙሽራ አለች፣ የሐር ቀሚሷ ለእኔ ተሰጠ። ዕድሜ ለማሽኑ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

አባባ ቁርስ አልቀመሱም። የባሌ አባት ቁርስ ትተው አያውቁም፣ ስለዚህ ነገር እንዳለ ገባኝ።

ኩሬው አረንጓዴ ሆኗል። ትንሽ አይደለም፣ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። የባቡር ጣቢያ ኃላፊነታቸውን ትተው ጡረታ ሲወጡ በገዛ እጃቸው የቆፈሩት ኩሬ ነው። የወጥ ቤታችን ውሃ በጠጠርና በደንገል ተጣርቶ እዚያ ይገባል። ጠዋት ጠዋት የጥንት ፊሽካቸውን ይነፋሉ፣ ዓሣዎቹ ተሰልፈው ይመጣሉ፣ ያበሏቸዋል። ዛሬ ነፉ... ማንም አልመጣም። ጢም ያለው ትልቁ፣ ሻለቃ የሚሉት፣ ብቻውን ውሃው ፊት ላይ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

"ማሽንሽ ነው" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ አባባ?"

"ስምንት ዓመት ደህና የኖረ ዓሣ! ማሽንሽ ከገባ ወዲህ ነው። ሻለቃ ከሞተ ማሽኑ ይወጣል። በቃ።"

"ዕቃውንስ ማን ያጥባል?"

"እኔ አጥባለሁ።"

በየትኛው ወገባቸው? ሲንክ ላይ ጎንበስ ያሉ ጊዜ በሁለት ሰው ተደግፈው አይደል አልጋ ላይ የወጡት? ባሌማ አውቶቡሱን ይዞ የሚወጣው ሳይነጋ ነው፣ ደግሞም እሱ ያጠበውን ማጠብ ያልታጠበውን ከማጠብ ይከብዳል። ዞሮ ዞሮ ሲንኩ የእኔ ነው። ከዚያ ስንጥቁ። ከዚያ መጋረጃው።

አልሄድም። መጋረጃ ላይ ተመልሼ አልሄድም።

ሐሙስ፣ ጥር 9

የማሽኑን ሳሙና የገዛሁባት የቤት ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቋን "ይሄ ነገር ዓሣ ይገድላል?" አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ ካርቶኑን አዙራ ጥፍሯን አንድ ቃል ላይ ጫነችው። ፎስፌት።

"ማዳበሪያ ውስጥ የሚገባው እኮ ነው የኔ እናት። ውሃ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር ያደልበዋል። እሱ ሲበዛ ዓሣው የሚተነፍሰውን ይጨርስበታል።"

ለካ በየቀኑ የአባባን ኩሬ ማዳበሪያ ስነሰንስበት ኖሬአለሁ። አባባ ልክ ናቸው ማለት ነው። (ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም።)

ግን ጥፋቱ የሳሙናው ነው፣ የማሽኑ አይደለም። ሳሙና ደግሞ ይቀየራል።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

አገኘሁ! ካርቶኑ ላይ ቅጠል አለ፣ ጠብታ አለ፣ "ተፈጥሯዊ" የሚል ጽሑፍ አለ። ለአባባ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ሳያደርጉ "ቅጠሉ ያምራል" አሉ። በኩራት ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

እሑድ፣ ጥር 12

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ገለበጥኩት።

ፎስፌት። ከሥሩ ደግሞ ክሎሪን።

ጨርቅ ቢሆን ፊቱን አይቼ እገዛ ነበር? መጀመሪያ ጀርባውን አይደል የማየው? ሃያ ዓመት ሙሉ ለተለማማጆች "ግልብጡት፣ ውሸቱ ያለው ከጀርባ ነው" እያልኩ በቅጠል ተሸወድኩ! ለማንም አልተናገርኩም። ለባሌ ብቻ። ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን እያረርኩ።

ሰኞ፣ ጥር 13

የቻልኩትን ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። ከእንግዲህ የካርቶን ፊት አላይም። አንስቼ ወዲያው ግልብጥ። አንዱ ባለሱቅ ቆሞ ቆሞ ሲያየኝ፣ "እህቴ፣ ሳሙና ነው ወይስ ፓስፖርት ነው የምትመረምሪው?" አለ። "ፓስፖርት ነው፣ ቤቴ የሚገባ ነው" አልኩት።

በመጨረሻ አንድ ዱቄት አገኘሁ። ካርቶኑ ቡናማ ወረቀት፣ ሥዕል የለው፣ ውበት የለው። ከጀርባው ግን በደንብ የሚነበብ ፊደል፦ ፎስፌት የለውም፣ ክሎሪን የለውም፣ ሽቶ የለውም፣ የተቀረው በውሃ ውስጥ ፈርሶ የሚጠፋ ነው።

አሁንስ በወረቀት አላምንም። እፈትነዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ከኩሬው ጥግ፣ ገና ካልከፋበት በኩል፣ ውሃ ቀዳሁ። በአራት የማርማላታ ብርጭቆ ከፋፍዬ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። አንዱ ባዶውን። አንዱ የድሮውን ሳሙና ቁንጥር። አንዱ ባለቅጠሉን። አንዱ ባለቡናማውን። ለእያንዳንዱ ስሙን በክር አሰርኩበት። ቀይ ክር ለክፉው፣ ነጭ ለተስፋዬ።

አባባ መጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አዩ።

"ኩሬዬን በብርጭቆ ልትሸጪው ነው?"

"ፍርድ ቤት ነው አባባ። ይጠብቁ።"

"እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ" አሉ። ያገለገለ ዕቃ ገዢውን ቀጥረውታል! የካቲት ሲገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ይመጣል። ለእኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ...

እሑድ፣ ጥር 19

በአዲሱ ዱቄት እያጠብን ነው። ሳህኑ ልቅም ብሎ ይወጣል። ብርጭቆው ግን ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ደግሞ ከማሽኑ በር ሥር አረፋ አየሁ... ከየት መጣ?

የልብስ ሳሙናው እንደገና አለቀ። በዚህ ቤት ውስጥ ይህን ሁሉ ልብስ የሚለብሰው ማነው?

ሐሙስ፣ ጥር 23

አሸነፍኩ!!

ቀይ ክር ያለው ብርጭቆ እንደ ጎመን አረንጓዴ። ባለቅጠሉ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ጎመን። ባለነጭ ክሩ ከባዶው ውሃ አይለይም! ወደ መስኮት አስጠግቼ፣ ከመስኮት አርቄ፣ አገላብጬ አየሁት። አይለይም። ባሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሳየሁት። "እንኳን ደስ ያለሽ" ብሎ ተመልሶ ተኛ።

የጭጋጉንም ነገር ባለሱቋን ጠየቅኳት። "ውሃችሁ ኖራ ይበዛዋል፣ ማሽኑ ሆዱ ውስጥ የጨው ቦታ አለው፣ ሙዪው" አለችኝ። ለአባባ ነገርኳቸው።

"ጨው? ዓሣዎቼን በሕይወታቸው ልትቀምሚያቸው ነው?"

"እሺ፣ የሎሚ አሲድ ትንሽ ባደርግስ?"

"ሎሚም እኮ ስታደርጊባቸው አይቻለሁ፣ ሳህን ላይ!"

ሳቃቸውን ለመደበቅ ሳሉ። አየኋቸው። በሎሚው ተስማማን፣ በቁንጥር።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ብርጭቆዎቹ ጠሩ። ወደ መብራት አንስቼ ባሌን በውስጡ አየሁት። መልኩ አልተለወጠም።

ሰኞ፣ ጥር 27

ኩሬው አልጠራም።

ምንም። እንዳለ ነው። እንዲያውም ብሷል። የእኔ ብርጭቆ እንደዚያ ጠርቶ ኩሬው ለምን እምቢ ይላል? ያው ውሃ፣ ያው ሳሙና... ጠዋት ሁለት ትናንሽ ዓሣዎች ተንሳፈው ተገኙ። አባባ በመረብ አወጧቸው፣ ቀና ብለውም አላዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሻለቃ ጥግ ይዞ ይተነፍሳል።

ፊሽካቸውን ኪሳቸው ውስጥ አየሁት። አልነፉም።

ሌሊቱን እንዴት ልተኛ ነው? ቅዳሜ ሰውዬው ይመጣል። ቀሚሱ ገና ግማሹ ነው። ወገቡ ላይ ያለው ጥልፍ በስንጥቅ ጣት አይነካም። ፈርቻለሁ። እውነቱን ልጻፈው፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 29

የዛሬውን እንዴት ብዬ ልጻፈው?

የጥልፉን ንድፍ ቤት ረስቼ ቀን ላይ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ቧንቧ ይፈሳል። ወጥ ቤት ገባሁ። አባባ! እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በርጩማ አስጠግተው ተቀምጠው፣ የጠዋቱን ዕቃ ሲያጥቡ። አጥበው ደግሞ አንድ በአንድ ማሽኑ ውስጥ ይደረድራሉ!

"አባባ... ምን እያደረጉ ነው?"

ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ። "ምን አደርጋለሁ፣ አዘጋጅልሻለሁ እንጂ።"

"ማሽኑ እኮ ያጥበዋል!"

"ታዲያ ቆሻሻ ዕቃ ይገባበታል እንዴ? ሰው ልጁን እንግድነት ሲልክ ቆሻሻ አልብሶ ይልካል? ደግሞ እሷ..." እጃቸው ላይ ያለውን ሳህን አገላበጡ። የሞቱትን ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። "እሷ የቆሸሸ ሳህን አስቀምጣ ከወጥ ቤት ወጥታ አታውቅም። እኔ ነበርኩ የማደርቅላት። ማሽኑ ከገባ ወዲህ ለእኔ በዚህ ቤት ምን ሥራ ቀረኝ?"

ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበልኩ። ያኔ ነው ዓይኔ ሲንኩ ጥግ ላይ ያረፈው። የልብስ ሳሙናው ካርቶን። ለካ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው፣ ከማሽኑ በር ሥርም አረፋ የሚወጣው ለዚህ ነው!

"በዚህ ነው የሚያጥቡት?"

"በምን ልጠብ? ፈሳሽ ሳሙና መግዛት አንቺው አይደለሽ ያቆምሽው?"

እውነት ነው፣ እኔው ነኝ። ካርቶኑን ገልብጬ፣ መነጽራቸውን አቀብዬ፣ ጣቴን ቃሉ ላይ አደረግኩ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

"ፎስ... ፌት።" ካርቶኑን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "ሻለቃን የምገድለው እኔ ነኝ?"

ልክድ አልችልም፣ ልቤ ውስጥ አንዲት ክፉ ሴት ተነስታ ልትጨፍር ነበር። ስንት ሳምንት "ማሽንሽ" ስባል! ግን ፊታቸውን አየሁ፣ ቁጭ አለችልኝ።

"ሁለታችንም ነን አባባ። እኔ በድሮው ሳሙና፣ እርስዎ በዚህኛው። የእኔን ቀይሬአለሁ።"

ከዚያ አስረዳኋቸው። አዲሱ ዱቄት ውስጥ ቅባትና ፍርፋሪ የሚበላ ነገር አለ። ንጹሕ ዕቃ ሲገባለት የሚበላው ያጣል።

"እስከ ዛሬ ርቦት ነበር በይኛ!"

"ርቦት ነበር። እና አባባ፣ ማሽኑ ደርዳሪ ይፈልጋል። እኔ ሁሌም ስደረድር ትልቁ ሳህን ውሃውን ይጋርድብኛል፣ ማንኪያው አይታጠብልኝም። ኃላፊ ያስፈልገዋል።"

መደርደሪያውን ጎትተው አወጡት፣ መልሰው ገፉት። በትናንሽ መንኮራኩሮቹ ላይ ሲንከባለል አዩት።

"ይሄ እኮ የባቡር ፉርጎ ነው" አሉ።

የልብስ ሳሙናውንም ቀየርን። እሱንም ገልብጬ ነው የገዛሁት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ዕቃ ገዢው ጋሪውን እየገፋ መጣ። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አዳምጣለሁ፣ ልቤ ይመታል። ኩሬው ገና አልጠራም እኮ!

አባባ በሩ ላይ ቆሙ። "ማሽናችን አይሸጥም።"

"ታዲያ ለምን ጠሩኝ ጋሼ?"

"ደህና ጥያቄ ነው። ግባ። ለመሆኑ እናንተ ቤት ዕቃ በምንድን ነው የሚታጠበው?"

ሰውዬውን ይዘው መስኮቱ ላይ ያሉትን አራቱን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ አስጎበኙት። ስለ ፎስፌት ከእኔ የሰሙትን ሁሉ፣ ከራሳቸውም ጨምረው፣ አወረዱበት። ምስኪን፣ ሻይ እንኳ አልቀረበለትም። ሲወጣ የካርቶኑን መልክ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ሄደ!

እሑድ፣ የካቲት 10

ደንገሉ ሥር ጠጠሩ ታየኝ። እርግጠኛ አይደለሁም። ባሌን ጠራሁት። "ይታያል" አለ። አባባን ጠራን። ተንበርክከው አዩ፣ ለረጅም ጊዜ። "ይታያል" አሉ። ሦስታችንም ጠጠር እያየን እንደ ሞኝ ስንስቅ ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ምን እንዳገኘን ጠየቀ።

እሑድ፣ የካቲት 17

ዛሬ ፊሽካው ተነፋ። ቤቱ በሙሉ ዘለለ። ሻለቃ መጣ! ቀስ እያለ፣ እንደ ሹም፣ ግን መጣ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ቀሚሱ አለቀ።

አለቃዬ እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳበሰች፣ ከዚያ የሐሩን ጫፍ አንስታ በሌባ ጣቴ ላይ ጎተተችው። ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። ጠርር አላለም። ምንም አላለም! ሙሽራዋ ለብሳው ስትዞር አለቃዬ ጆሮዬ ላይ "የሚቀጥለውም ሐር የአንቺ ነው" አለችኝ። መጋረጃዎቹ ደህና ይሁኑ።

እየበረርኩ ቤት ገባሁ። እራት ተበላ። አባባ ወጥ የነካው ሳህን ይዘው ማሽኑ ፊት ቆሙ። አሁንም ይከብዳቸዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው "አንቺ ይቅር በይኝ" አሉ፣ ለማን እንደሆነ እናውቃለን፣ ሳህኑን እንደቆሸሸ አስገቡት። ትልልቁን ከኋላ፣ ብርጭቆውን ከላይ፣ ማንኪያው እንዳይደራረብ። ባለቡናማውን ዱቄት ለኩ። በሩን ዘጉ። ፊሽካቸውን አውጥተው ወጥ ቤት ውስጥ ነፉ።

"መነሻ!"

ማሽኑ ተነሳ። ከውጭ ደግሞ፣ ፊሽካውን ሰምተው ነው፣ ኩሬው ተንቦጫረቀ። ሮጠን ወጣን። ሻለቃ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ከዚህ በፊት ያላየናቸው፣ ከጥፍር የማይበልጡ ብዙ ትናንሾች። ውሃው እስከ ታች ይታያል። ጣቶቼን ነከርኩ። አላቃጠለኝም። ሻለቃ መጥቶ በጢሙ ነካካኝ፣ አባባ በቅናት አዩኝ።

ባሌ በሩ ላይ ተደግፎ "አሁን ምን ልትሠሪ ነው?" አለ።

ምንም። አባባ ጠጋ አሉልኝ፣ ኩሬው ዳር ቁጭ አልኩ።