ከብየዳው ጎን

ይጁቤ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ውድ እንዳላማው፣

ይህን ደብዳቤ ወደ ቻግኒ ለሚወርድ ነጋዴ እሰጠዋለሁ። በመጨረሻ የታየኸው እዚያ ነው ብለውኛል። ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም፤ ቢሆንም ከአንተ ሌላ ለማን እጽፈዋለሁ?

የወፍጮው ሻፍት ለምን እንደተሰበረ አውቄአለሁ።

አበረን ቀብረን ስንመለስ እናቱ እመት አመተ ማርያም መንገድ ላይ ቆመው “ልጄን የገደለው ያንተ ብየዳ ነው! እጅህ ይድረቅ!” አሉህ። በማግስቱ ስነሳ አልነበርክም። ከዚያ ወዲህ የከተማው ወሬ አንድ ነው፤ የእንዳላማው ብየዳ ለቀቀ፣ ሻፍቱ ተሰበረ፣ ሻፍቱ ላይ የሚዞረው ፑሌጃ ከነቺንጋው፣ ከነቀበቶው፣ ተፈናጥሮ ወፍጮውን የሚያስነሳውን አበረን ደረቱን መታው። ልጆች ሳይቀሩ እንዲህ እያሉ ይጫወታሉ።

እኔ ብረቱን ማየት ፈለግሁ። የወፍጮው ባለቤት አቶ ዓለምነው ስብርባሪውን ጓሮ ጥሎት ነበርና ስጠኝ አልኩት።

“ለማረሻ ነው?”

“ልየው ብዬ ነው።”

“አይተሽ ልትሰፊው?” ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሰጠኝ።

ታውቃለህ፣ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ምስማርና የብየዳ ኤሌክትሮድ የሚጠቀለልበትን ቅዳጅ ወረቀት ነው። “አንቺ የምትገዢው ምስማሩን ሳይሆን ወረቀቱን ነው” እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ከእነዚያ ቅዳጆች በአንዱ ላይ የተሰበረ ብረት ሥዕል ነበረ። ብረት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሰበርም ይላል። መጀመሪያ ቀጭን ስንጥቅ ይጀምረዋል፣ በዞረ ቁጥር ስንጥቁ ይገፋል። ቀድሞ የተሰነጠቀው ይጠቁራል፤ በመጨረሻ የተገነጠለው እንደ ሻካራ ጨው ያብለጨልጫል። እኔም የሻፍቱን ስብራት በላምባ አጠብኩት። ከግማሽ በላይ ጥቁር ነበር። አበረ ወፍጮውን ሲያስነሳ ሲያጠፋ፣ እኛም እህል ይዘን ተራ ስንጠብቅ፣ ብረቱ ውስጥ ውስጡን ሲሄድ ከርሟል።

ብየዳህ ግን ደኅና ነው። የተበላውን ቦታ የሞላህበት ብየዳ እንዳለ አለ። የተሰበረው ከጎኑ ያለው ብረት ነው። ሞረድ አስነካሁት። ሌላው ቦታ ሞረዱ ይነክሳል፤ ከብየዳው ጎን ሲደርስ እንደ ጠርሙስ ያንሸራትታል። አንድ ብረት እንዴት እዚያ ቦታ ላይ ብቻ እንዲህ ይጠነክራል? ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል።

ብረቱን በነጠላ ጠቅልዬ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። በቴክኒክ ትምህርት ቤት አቶ አስማማው የሚባል መምህር አለ። ያባርረኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ወንበር ሰጠኝ። ስብራቱን መስኮቱ ዘንድ ወስዶ እያገላበጠ አየው።

“የበየደው ማነው?”

“ባለቤቴ።”

“ጥሩ እጅ አለው። ይህ ብረት ግን ግሎ ሳለ በድንገት ከቀዘቀዘ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም።”

ከዚያው ሻፍት ሁለት ቁራጭ ቆርጦ ሁለቱንም በየዳቸው። አንዱን አመድ ውስጥ ቀበረው፣ በሌላው ላይ ውሃ አፈሰሰበት። ከቀዘቀዙ በኋላ በሞርሳ አስሮ በመዶሻ መታቸው። አመድ ውስጥ የዋለው ጎበጠ። ውሃ የነካው ቀጭ ብሎ ወደቀ።

“እህቴ፣ ያን ጊዜ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ነበር?” አለኝ።

ትዝ ይልሃል? ሥራውን ስትጨርስ አቶ ዓለምነው “ይባረክልኝ” ብሎ የነፍስ አባታችንን ቄስ ወልደ ሩፋኤልን ጠራ። ጸሎት አድርሰው የኪዳነ ምሕረትን ጠበል በጋለው ብረት ላይ አፈሰሱት። ጥስስ ብሎ ጮኸ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አንተ እጅህን አንስተህ ነበር፣ መልሰህ አወረድከው። ቄስን ቆይ ይቀዝቅዝ የሚል ማን አለ?

እየፈራሁ ወደ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሄጄ ነገርኳቸው።

“ጠበሉ ሰበረው ነው የምትዪኝ?”

“ጠበሉ አይደለም አባ፤ ቅዝቃዜው ነው። የወንዝ ውሃም ቢሆን ያው ነው።”

“ብንጠብቅ ኖሮስ?”

“ብንጠብቅ አበረ አይሞትም ነበር።”

“እሑድ እናገራለሁ። የሰው ስም አፈር ውስጥ አይተውም” አሉኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ልብስህን አውጥቼ አጠብኩ። ትመጣለህ ብዬ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። “አበረን የገደለው የእንዳላማው እጅ አይደለም። በጋለ ብረት ላይ ውሃ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ የገደለው የእኔ እጅ ነው” አሉ። ሰው ይደነግጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሰው አለቀሰ። ከኋላዬ አንዲት ሴት “አቤት ትሕትና! የሌላውን ኃጢአት ተሸከሙለት!” አለች። መስቀላቸውን ለመሳለም ተጋፉ። “አይደለም፣ እውነቴን ነው፣ ስሙኝ” ሲሉ ሰው ይብስ አለቀሰ። እመት አመተ ማርያም ጉልበታቸውን ስመው ወደ እኔ ዞሩና “ባልሽ ልጄን መብላቱ አንሶት እኒህን ቅዱስ አዋረዳቸው” አሉኝ። ስለ ሞረዱ፣ ስለ ጥቁሩ ስንጥቅ ልናገር አፌን ከፈትኩ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

አባ ከዚያ በኋላ ቤት መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። “ልጄ፣ ከዚህ ሌላ ምን ልበላቸው?” አሉኝ።

እንዳላማው፣ ና ብዬ ልጽፍልህ ነበር ያሰብኩት። አሁን አትምጣ። ከሄድክበት ቀን ይልቅ ዛሬ ይጠሉሃል። ብየዳህ አለመልቀቁን የምናውቀው መምህሩ፣ አባና እኔ ብቻ ነን። አንተ አራተኛው ሁን፤ ሌላ የሚጨመር የለም።

ባለህበት እግዚአብሔር ያቁምህ።

ያለምወርቅ