ነገ የሚገለጠው ሐውልትሽ

እማዬ፣

ከተለየሽኝ ነገ ዓመት ይሞላል፤ ሐውልትሽም ነገ ይመረቃል። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ንዴቱ እያስጣለኝ ነው። አሁንም አልበረደልኝም። ከነንዴቴ እጽፍልሻለሁ።

በቀብርሽ ዕለት የሕይወት ታሪክሽን ያነበበው ታላቅ ወንድምሽ ጋሼ በላይነህ ነው። ዲላ መወለድሽን፣ ለትምህርት አዲስ አበባ መሄድሽን አነበበ። ከዚያ "በመንግሥት መሥሪያ ቤት በቅንነት አገልግላ" አለና ደግ እናት፣ ጥሩ እኅት፣ እንግዳ ተቀባይ እያለ ጨረሰ። የከበሮሽ ስም፣ ቲምፓኒ የምትባል ቃል ከአፉ አልወጣችም። መሥሪያ ቤት! ዕድሜሽን ፋይል ስታመላልሺ የኖርሽ ነው የመሰለው ለቀስተኛው። የሙዚቃ ትምህርት ቤቱስ? በቲያትር ቤቱ መድረክ ከኦርኬስትራው በስተኋላ፣ ትልልቆቹን የመዳብ ከበሮዎች ከፊትሽ ደርድረሽ፣ በወንዶች መሐል ብቻሽን የቆምሽባቸው ዓመታትስ? ማን ኖራቸው?

ለቅሶ ቤት ጠየቅኩት። "ሴት ልጅ ከበሮ መቺ ነበረች ተብሎ በሬሳዋ ፊት ይነበባል? ሰው ምን ይላል?" አለኝ። ይህን የሚለኝ በየበዓሉ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሲመታ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። በለቀስተኛ ፊት ከአጎቴ ጋር መጣላት አልሆነልኝም።

አንቺማ ታውቂዋለሽ። አባትሽን ልታስታምሚ ዲላ ተመልሰሽ ስትቀሪ፣ ኦርኬስትራው አርጅተዋል ብሎ ያስወገዳቸውን ሁለት ከበሮዎች በአይሱዙ ጭነሽ ነበር የመጣሽው። "ይሄ ሁሉ ድስት ለማን ነው?" ያለሽ እሱ ነው። ለልጁ ሰርግ ለለስላሳ ማቀዝቀዣ አንዱን ከበሮ አውሺኝ ብሎ የላከብሽም ያው እሱ። ያን ቀን ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ትንሽ ቆይቼ ጓዳ ስገባ ግን ታለቅሺ ነበር።

ሳሎኑ እንደነበረ ነው። ከበሮዎቹን በነጠላሽ ሸፍኛቸዋለሁ፤ የጎረቤት ድመት ካልተኛሁባቸው ብላ አስቸግራኛለች። ከጨለለቅቱ በሞተር ትመጣ የነበረችው ተማሪሽ ብርቱካን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትለማመዳለች። ዝናብ ሲበረታ የከበሮው ቆዳ ይረግብባታል፤ እንዳንቺ ጆሮዋን ልጥፍ አድርጋ፣ በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች፣ በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ድምፁን ስትፈልግ ሳያት ወደ ውጭ እወጣለሁ። አልችለውም።

ልጅ ሆኜ ከካሴት ጋር ስትለማመጂ እንጨቶቹን እንደያዝሽ ቆመሽ ስትቀሪብኝ፣ ደክሞሽ መስሎኝ ወንበር አመጣሁልሽ። ለካ እየቆጠርሽ ነበር። የዚህ ሥራ ትልቁ ክፍል መጠበቅ ነው አልሽኝ፤ ሌላው ሲጫወት ዝም ብሎ መቁጠር፣ ቦታው ሲደርስ ደግሞ ሳይፈሩ መምታት።

ሐውልቱን እኔ አሠራለሁ ያለው ጋሼ በላይነህ ነው። ጽሑፉንም እኔን ሳይጠይቅ ሰጠ፤ "ተወዳጅ እናትና እኅት"፣ በቃ። ይህን ስሰማ ጪጩ ድረስ ሄጄ ድንጋይ ጠራቢውን አገኘሁት። ከስምሽ ሥር "የቲምፓኒ ተጫዋች" ብለህ ቅረጽ አልኩት። ሽማግሌው ያዘዙኝ ሌላ ነው ብሎ አመነታ። ልጇ እኔ ነኝ አልኩት፤ ቲምፓኒ ምን እንደሆነም አስረዳሁት። "እንዴ! ያቺ ቤቷ ውስጥ ከበሮ የምታስተምረው ሴትዮ? ቆማ፣ ቆማ፣ ከዛ ድንገት ድም! ልቤን እኮ ነው ያዘለለችው" ብሎ ሳቀና መሮውን አነሳ። እናትነትሽን አላስፋቅኩም፤ እሱም እውነት ነው። የጎደለውን ነው ያስጨመርኩት።

ጋሼ በላይነህ ይህን አያውቅም። ይቆጣል፤ ምናልባት ቤቴን አይረግጥም። አጎቴ ነው፣ ያሳዝነኛል፤ ግን አንድ ጊዜ ቀብረንሽ ስናበቃ ሥራሽን ደግሞ ለብቻው እንዲቀብርብኝ አልፈቅድም። እስካለሁ ድረስ ስምሽን ከሙያሽ ለይቼ አልጠራውም፤ ልጆቼም አይጠሩትም።

ነገ ካህናቱ ጸሎት ሲያደርሱ ከኋላ ቆሜ እቆጥራለሁ። ጨርቁን የሚገልጠው የቤተሰቡ ታላቅ፣ ጋሼ በላይነህ ነው፤ በሕዝቡ ፊት ጽሑፉን ጮክ ብሎ የሚያነበውም እሱ ነው።

ልጅሽ