በጾም መሐል የተወጋሁት መርፌ

ሰኞ፣ ጥር 13/2005፣ ጧት 1፡30
ስምንተኛው መርፌ፣ ሆድ ላይ። ብልቃጧ ፍሪጅ ውስጥ ከማርማላታው ጀርባ ናት። ትከሻዬ አሁንም ይጠዘጥዘኛል። የሕመም ፈቃዴ ሲያልቅ ካልዳነ የምነዳውን ዶዘር ለሌላ ይሰጡታል። ንያኩሮን ሰፈር ያለው የጂም አሠልጣኝ፣ መድኃኒቱ የእድገት ሆርሞን ያስመነጫል፣ ጅማት ይጠግናል፣ በባዶ ሆድ ተወጋው ብሎኛል። ደግነቱ ዛሬ የቤ/ክ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይጀመራል። በአንድ ጾም ሁለት ጥቅም። ብልጥ ነኝ፣ ደብተሬ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14
አልቻልኩም። ከተወጋሁ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንጀቴ ይንጫጫል። ለጸሎት ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ የተጠበሰ ዓሣ ነው። ሾልኬ ወጥቼ ሁለት ሳህን ፉል በላሁ። አፈርኩ። ለመጋቢ ተናገርኩ። ወንድሞች እጃቸውን ጭነው የሆዳምነትን መንፈስ ገሠጹልኝ። አሜን አልኩ። ስለ መርፌው ትንፍሽ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ጥር 15
ዛሬም ልወጣ ስል እህት ምሕረት በር ላይ ያዘችኝ። ካቶር ሰፈር ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምትሠራው። አልተቆጣችም። ጣቶችህ ለምን አበጡ አለችኝ። ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ክሊኒክ ወስዳ ጣቴን ወጋች። ምንም ሳልበላ ስኳሬ ከፍ ብሏል። አባቴን እግሩን ያሳጣው ስኳር ነው።

ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ የረሃብን ሆርሞን አስመስሎ አንጎልን ያታልላል። የእድገት ሆርሞን በብዛት ይለቀቃል፤ እሱ ደግሞ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ውኃ ቋጥሮ ጣት ያሳብጣል። የጭንቀቱን ሆርሞንና የጡት ወተት የሚያመጣውንም ይነካካል። ወተት! ትከሻ ላስጠግን ሄጄ። ማሌሽ፣ አይዞህ፣ በጊዜ ደርሰናል አለችኝ። አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 16
ብልቃጦቹን ሁሉ ለእሷ አስረከብኩ። ረሃቡ ጋብ ብሏል። ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት በር ላይ ስላቆምክልኝ ተመስገን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16
ስኳሬ ወደ ቦታው ተመልሷል! ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቀለበቴም ከጣቴ ይወልቃል። ትከሻዬ በዕረፍት እየተሻለው ነው። አለቃዬ ዶዘሩን ለሌላ አልሰጠብኝም፤ እሱንም እግዜር ይስጠው።

ነገ ምስክርነት እሰጣለሁ። ያን ሁሉ ወንድም በጾም አንጀቱ አስጩኼ ሰይጣንን ባልሠራው ከስሻለሁ። መርፌውን ደብቄ ፈውሱን ብቻ አላወራም፤ ጂሙ ውስጥ ይህንኑ የሚወጉ ሌሎችም አሉ። እህት ምሕረት ፊት ለፊት ልትቀመጥ ነው። መርፌው ጋ ስደርስ ከዘለልኩ ኡሁ ኡሁ ብላ ትስልብኛለች።